አባዬ፣ የትራክተሯን የቤንዚን መርፌ ስንት ዙር ነበር የምትከፍታት?

ይድረስ ለአባዬ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህችን መስመር የዘለለ ደብዳቤ አይባልም ትል ስለነበር አስቀደምኳት። አሁን ወደ ወሬው።

ለምን አልደወለችም ትል ይሆናል። ስልክ ላይ አንተን ማግኘት ይቻላል እንዴ? «ደህና ነኝ፣ ልጆቹስ፣ ዝናቡስ» ትልና ወዲያው ለእትዬ ታቀብላታለህ። አዲስ አበባ እትዬ ጋ ከሄድክ ጀምሮ ያወራነው ሁሉ ቢደመር አንድ ጀበና ቡና አያስጠጣም። ስለዚህ ጻፍኩ። ሁለቱን ገጽ የእትዬ ልጅ ታንብብልህ። ሦስተኛውን ግን መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው። እትዬ እንዳታየው። ለምን እንደሆነ ስትደርስበት ይገባሃል።

ጅማ እንደምታውቃት ናት። ሐምሌ ገባ፣ ሰማዩም ተቀደደ። ትናንት በአዌቱ ድልድይ ሳልፍ ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር። የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ሰው ጠርቼ አስመታሁት፤ አሁን በሌላ በኩል ያፈሳል። የቦታ ግብሩን ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ ብረት ሳጥኑ ውስጥ ነው። አቮካዶው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፈራ። ግማሹን የሰፈር ልጆች በሉት፣ ግማሹን ጦጣ።

አቡሽ ከክፍሉ አሥራ አንደኛ ወጣ። የጎተተው ሒሳብ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ልጅ በሒሳብ ሲጎተት አስበው። ሚጡ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ሁለቱንም ጣሪያ ላይ ወረወረቻቸውና በማግስቱ ጠዋት በቅለው ይሆናል ብላ መስታወት ፊት አፏን ከፍታ ቆመች። ስትናገር «ሰ» ሁሉ ያመልጣታል። «አባባ መቼ ነው የሚመጣው?» ትለኛለች በየማታው። መልስ የለኝም። «ዝናቡ ሲያባራ» እላታለሁ። የጅማ ዝናብ መቼ እንደሚያባራ ደግሞ አንተም ታውቃለህ።

እሺ፣ የዞርኩትን ያህል ዞርኩ። ቢጫዋን ትራክተርህን ፈታኋት።

አትቆጣ። ወይም ተቆጣ፣ ግን ጨርሰህ አንብብና ተቆጣ።

ጥፋቱ የጣሳዋ ነው። ወደ ላይ ባቆምከው የጭስ ማውጫ ማርሚታ አፍ ላይ የምትደፋት የድልህ ጣሳ አለች አይደል? ዕድሜ ልካችንን አንተ ስትደፋት እናያለን፣ ለምን እንደሆነ ግን አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም። በፋሲካ ማግስት ስትሄድ ጣሳዋ መሬት ወድቃ ነበር። ማንም አላነሳትም። የጓሮው ዳስ ቆርቆሮም ለካ ለቋል። የግንቦት ዝናብ በማርሚታው ገባ፤ ቫልቩ ተከፍቶ ቆሞ ኖሮ ውሃው ሲሊንደሯ ውስጥ ተጠራቀመ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ መጥቼ ቺንጋውን ይዤ ብጎትት አልነቃነቅ አለች። ድንጋይ ሆናለች።

ባለቤቴ «ተይው፣ ቆራሌ ይውሰደው» አለ። ቆራሌውም እውነት መጣ። በኪሎ ነው የምገዛው አለኝ። በኪሎ! እማዬ ብትሰማ እንዴት በሳቀች። ዕድሜዋን ሙሉ «ጣውንቴ» ስትላት የኖረችው በኪሎ ልትሸጥ። ሰውየውን በትሕትና ሸኘሁት፣ በሩን ግን በትሕትና አልዘጋሁትም።

ያን ቀን ማታ ካንዴላዋን ፈታሁ። በቀዳዳው ናፍጣና የሞተር ዘይት ደባልቄ ሞላሁባት፣ አንተ የጎረቤታችንን የውሃ ፓምፕ ስታስለቅቅ እንዳየሁት። ዘጠኝ ቀን አስቀመጥኳት። ከሥራ ስወጣ ከቆጪ በባጃጅ እየመጣሁ በየማታው ትንሽ እጨምርባታለሁ፣ እንደ በሽተኛ። በአሥረኛው ቀን የሲሊንደሯን ክዳን፣ ቴስታታዋን አወረድኩ፤ ፒስተኗ አናት ላይ የባህር ዛፍ ቁራጭ አስቀምጬ በመዶሻ ቀስ፣ ቀስ። ስትለቅ ድምፅ እንኳ አላሰማችም። እንጨቱ ብቻ ወደ ታች ሰመጠ። ብቻዬን እልል አልኩ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸብኝ።

ከቴስታታዋ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ሽፋን ሳነሳ ደግሞ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የአይጥ ጎጆ። በቆሎ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የሚጡ የፀጉር ሪባን፣ ሁሉም በማቀዝቀዣ ክንፎቿ መካከል ተጠቅጥቋል። ይሄ ነገር አየር ይከለክላት ስለነበር ዝናቡ ባይቀድም ኖሮ ሙቀቱ ይጨርሳት ነበር። ይሄን የምነግርህ የማታውቀው ሆኖ አይደለም። እኔ እንደማውቀው እንድታውቅ ነው።

ሲሊንደሯን ዝገቱ ቆርጥሞታል። ሲሊንደር የሚያሰፉበት ሬቲፊካ ቤት ወሰድኳት። ሰውየው ፒስተኗን በሁለት ጣቱ አንስቶ «ይሄ የምንድን ነው፣ የቡና መፍጫ?» አለኝ። ቀጥሎ «ባለቤቱ ይምጣ» አለ። ባለቤቷ እኔ ነኝ አልኩት። ውሸት ነው፣ ባለቤቷ አንተ ነህ። ግን ሲያሾፍብኝ ምን ልበል? ግማሽ ሚሊ አሰፋው። ሥራው ንጹሕ ነው፣ አልክድም።

ትልቁን ፒስተንና ቀለበት ፋሻዎቹን ወንድሜ ማሙሽ ነው ከፈረንጅ አገር በሰው የላከልኝ፣ ከብልጭታ ፑንቲናና ከካርቡሬተር ጓርኒሲዮን ጋር። ልጁ እስከዛሬ ካንዴላና ኩሽኔታ አይለይም፣ ግን ይህቺ ነገር ልቡን ነክታዋለች። ግሪሱን ስፈቀፍቅ የወጣውን ቁጥር ፎቶ አንስቼ ልኬለት ስለ እሷ ያላነበበው የለም። ለካ ቢጫዋ ከብ ካዴት የሚባሉት ናት፣ ከመጀመሪያዎቹ። ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል በሚባል ከተማ በፈረንጅ 1960 መጨረሻ ላይ መሥራት የጀመራት። ሞተሯ ኮለር፣ 7 የፈረስ ጉልበት። ማርሽ ቤቷ ደግሞ ከታላቅ እህቷ ከፋርሞል ከብ ትራክተር የተወሰደ ነው፤ አንተ «ጀርባዋ የትልቅ ትራክተር ነው» ስትል ጉራ ይመስለን ነበር። ኩባንያው በፈረንጅ 1981 ለሌላ ሸጧታል፣ ስሟ ግን እስከዛሬ ይሠራበታል። እዚያ አገር የጓሮ ትራክተር ነው የሚሏት። ሣር ልታጭድና በረዶ ልትጠርግ ነው የተሠራችው አባዬ! አንተ ቡና በጆንያ አስጎተትካት፣ የሰፈሩን የበቆሎ ማሳ አሳረስካት። በመስቀል ዋዜማ ችቦውንም እኛንም ተጎታቿ ላይ ጭነህ ሰፈሩን ታዞረን ነበር።

እነ ማሙሽ ጋ እሷን የመሰሉትን የሚጠግኑ ሰዎች በበጋ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ አሉ። አብዛኞቹ ያንተ ዕድሜ ናቸው። ወንበር ዘርግተው፣ ቡና ይዘው፣ የየራሳቸውን አስነስተው ድምፁን ያደምጣሉ። ሌላ ሥራ የላቸውም። ሄዶ አየ። «አባቴም አለችው፣ ኢትዮጵያ፣ ጅማ» ሲላቸው አላመኑትም። በፈረንጅ 1952 እኮ ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን እዚያ የእርሻ ትምህርት ቤት ከፍተዋል ቢላቸው አንዱ ሽማግሌ ስልኩን አውጥቶ ካርታ ላይ ጅማን ፈለጋት። እዚያም ጭቅጭቅ አለ፤ ግማሾቹ ልጠው እንደ አዲስ ይቀቡና በገመድ አጥረው ያቆሟታል፣ ግማሾቹ ደግሞ የድሮ ቀለሟን መንካት ነውር ነው ይላሉ። ማሙሽ የተቀቡትን ወደደ። አንተ ብትኖር «ሳይሠራ መቀባት ሬሳ መኳል ነው» ትለው ነበር።

አንድ ነገር አበላሽቻለሁ፣ ልናዘዝ። ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘውን የቢዬላውን ክዳን ገልብጬ አሰርኩት። ሁለቱ ምልክቶች ፊት ለፊት መግጠም እንዳለባቸው ልብ አላልኩም። ቡሎኖቹን ሳጠብቅ ቀጥ አለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ «ምን በደልኳት» እያልኩ። በማግስቱ ፈትቼ አየሁት። ኩሽኔታ የሌለው፣ አሉሚኒየሙ ራሱ ክራንኩን አቅፎ የሚዞር ነገር ነው። በግድ አዙሬያት ቢሆን ኖሮ በልታው ነበር። ታንከሩን ደግሞ በሁለት ሊትር አቼቶ ነው ከዝገት ያጸዳሁት። ሁለት ቀን አሳድሬ፣ ጠጠር ጨምሬ ናጥኩት። ግቢው በሙሉ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ።

ዘይት ፓምፕ እንደሌላትም አስታወስኩ። ቢዬላው ጫፍ ላይ ያለችው ምላስ ናት ዘይቱን እየጨለፈች የምትረጨው። «ይህቺ በጭልፋ ነው የምትጠጣው፣ ጭልፋው ያልደረሰ ቀን ትሞታለች» ትል ነበር። ለማሙሽ ነበር የምትለው። እኔ ባትሪ ይዤ ቆሜ ነው የሰማሁት።

ሦስተኛው ገጽ እዚህ ይጀምራል። የኔ ቆንጆ፣ ስላነበብሽለት አመሰግናለሁ፣ አሁን ለአባባ ስጪውና ሂጂ ተጫወቺ።

አባዬ፣ ኮፈኗን ላጸዳ ብዬ ገልብጬ መሬት አስቀመጥኩት። ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበር። አንተ ሁልጊዜ ወዲያ ነበር የምታጋድመው። የብርጭቆ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ስቤበት ነው ፊደል ያየሁት።

በምስማር ጭረሃል። ቢጫው ቀለም ተልጦ ዝገቱ ፊደሎቹን እንደ ቀለም ሞልቷቸዋል። «ጥቅ. 3/74 ዘይት።» «ኅዳር 20/79 ካንዴላ፣ ከአዲስ አበባ።» «ሰኔ 14/91 ቺንጋ፣ ማሙሽ።» ከግራ ጀምሮ እስከ ቀኝ ጠርዝ ድረስ፣ መስመር ሳይዛነፍ፣ ዓመት ሳይዘለል። ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩት። የማሙሽ ስም አራት ቦታ አለ። ለአቅመ ቁልፍ ሳይደርስ የጻፍከውን ጨምሮ። የእኔ አንድም ቦታ የለም። አንድ ቦታ «ባትሪ የያዘች» ብትል ምን ነበረበት?

ከዚያ ይቺን አየሁ። «ሐምሌ 17/96 ዘይት። ፑንቲና ተጠረገ።»

ሐምሌ 17 ቀን 1996፣ ቅዳሜ። ረስተኸው ይሆናል፣ እኔ አልረሳሁትም። የተመረቅኩ ቀን ነው። ጠዋት «ወገቤን ይዞኛል፣ እናንተ ሂዱ» አልክ። እማዬ ነጠላዋን እያጣፋች ሦስት ጊዜ ተመልሳ በር ላይ ለመነችህ። አዳራሹ እኮ ከቤታችን በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ፎቶው ላይ እማዬ አለች፣ እትዬ አለች፣ በእኔ ግራ በኩል አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ አለ። ፎቶ አንሺው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል እኔ ነኝ ያልጠጋሁት። እየመጣህ ይሆናል ብዬ።

ማታ አበባ ታቅፌ ስገባ ተቀምጠህ ነበር። ግንባሬን ሳምከኝ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አልከኝ። እጅህ ኦሞ ኦሞ ይሸት ነበር። እጅህን በኦሞ እስከ ክርንህ የምትታጠበው መቼ እንደሆነ እዚያ ቤት የማያውቅ የለም። ያኔም ጠርጥሬያለሁ። 22 ዓመት ሙሉ ግን «ወገቡን አሞት ነው» ብዬ ራሴን ሳታልል ኖሬ፣ ይኸው አንተው በምስማር ጽፈህ አቆየኸኝ።

ጥያቄዬ ይቺ ናት፣ ለምን? የፈለግኩትን ስላልተማርኩ ነው? እሱን እኮ ራስህ ነህ የከለከልከኝ። ኦቶ ሜካኒክ ልማር ስልህ እንግዳ ፊት «ሴት ልጅ ከሞተር ሥር ጀርባዋ ላይ ስትተኛ አያምርም» አልክ፣ እንግዶቹም ሳቁ። ሒሳብ ተማርኩ። አልከፋኝም፣ እንጀራዬ ነው፣ የሬቲፊካውንም የከፈለው እሱው ነው። ግን በማግስቱ የዕቃ ሳጥኑን ቁልፍ ለማሙሽ ሰጠኸው። እሱ ያኔ 14 ዓመቱ ነበር፣ ሳይክሉን እንኳ እኔ ነበርኩ የምጠግንለት።

ይሄን ልጽፍልህ አልነበረም የተነሳሁት። ብዕሩ ወሰደኝ። የተነሳሁበት ሌላ ነው።

ኮፈኑ ላይ ወደ ቀኝ ስሄድ ፊደሎችህ ያንሳሉ። መጀመሪያ ቦታ አልቆብህ መሰለኝ። ኋላ ሳየው ቦታ ሞልቷል። የ74ቱ «ዘ» የአውራ ጣቴን ጥፍር ታክላለች። የ2005ቱ የበቆሎ ፍሬ። ከ2013 በኋላ ያለው የጤፍ ፍሬ ሆነ፣ መስመሩም ወደ ላይ ያዘነብላል፣ አንዳንዷ ፊደል ሁለት ጊዜ የተጫረች ትመስላለች፣ ምስማሩ የተንሸራተተ። የመጨረሻው የዘንድሮ ጥር ነው። «ዘይት» የሚለውን ለማንበብ የአቡሽን ስልክ መብራት አስጠጋሁ።

ሐኪሙ «የእጅ ጽሕፈትዎ ተቀይሯል? አንሷል?» ብሎ ሲጠይቅህ አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። «እኔ ድሮም አልጽፍም» አልከው። ኮስተር ብለህ። ዋሽተኸዋል አባዬ። ታውቅ ነበር። ስንት ዓመት ታውቅ ነበር? ቡና ስንሰጥህ ስኒውን በሁለት እጅህ መያዝ የጀመርከው፣ ቅዳሴ ስትቆም እጅህን ጋቢ ውስጥ የምትከተው፣ «ብርድ ነው» የምትለን፣ ሁሉ ለዚህ ነበር? ለእኛ ለልጆችህ ያልነገርከውን ለቆርቆሮ ነገርከው።

ሐኪሙ አንተን ከላከ በኋላ እኔንና እትዬን መልሶ ጠራን። እትዬ «ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ ይሰበራል» ብላ አስምላኛለች። መሐላዬን አፈረስኩ። አንተ እንኳን በወሬ በትራክተር ብትገፋ አትሰበርም። እና ደግሞ ሰው የራሱን በሽታ ስም ከልጆቹ ሹክሹክታ መስማት የለበትም።

ፓርኪንሰን ይባላል።

እርጅና ብቻ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ጭንቅላት ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ነገር የሚሠሩት ሕዋሳት እያለቁ ሲሄዱ የሚመጣ ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ፊት ይከብዳል፣ ጽሕፈት ያንሳል። የምትወስደው ኪኒን የጎደለውን ይተካልሃል እንጂ በሽታውን አያቆመውም። ግን ብዙ ዓመት ይዞ መኖር ይቻላል። ሐኪሙ ያለው ይሄንን ነው፣ የደበቅኩህ የለም።

እና እባክህ ኪኒኑን በሰዓቱ። እትዬ ስለምትወድህ ጠዋት እንቁላል፣ ምሳ ሥጋ እያለች ከምግብ ጋር ታውጥሃለች፣ እንደዚያ ከሆነ አይሠራልህም፣ ሥጋና እንቁላሉ አንጀት ላይ ይሻሙታል። ከምግቡ ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርገህ ውሰደው። ለእትዬ «ሐኪሙ ነው ያለው» በላት፣ እውነትም እሱ ነው ያለው። ደህና የሆንክ ሲመስልህ ደግሞ በራስህ አታቋርጠው፣ በአንዴ ማቆም አደገኛ ነው። የእትዬ ቤት ሴራሚክ ያንሸራትታል፣ በካልሲ አትሂድ። ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ መብራት አብራ፣ ቆጣሪው የሚቆጥረው የእትዬ ነው፣ ያንተ አይደለም።

የቀረችኝ አንድ ነገር ናት፣ ከሁሉም የከበደችኝ።

እትዬና ማሙሽ ቤቱን ለማከራየት ተነጋግረዋል። አንተ አዲስ አበባ ትቀራለህ፣ የኪራዩ ገንዘብ ለመድኃኒትህ ይሆናል፣ ቢጫዋም ትሸጣለች። በስልክ ሦስታችን ሆነን ነው የተነጋገርነው። እትዬ መጨረሻ ላይ «ወይስ አንቺ ጋ ይሁን? አንቺ እዚያው ነሽ» አለችኝ። አባዬ፣ ዝም አልኩ። «አምጡት፣ እኔ አለሁ» አላልኩም። ባለቤቴ ምን ይላል፣ ልጆቹ፣ ሥራው፣ ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነው፣ ይሄ ሁሉ ምክንያት ነው፣ እውነትም ነው። ግን ያን ጊዜ አፌን የያዘኝ እሱ አልነበረም። ትዝ ያለኝ ያ ፎቶ ነው። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ኮፈኑን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ የአዳራሹንም የእጅህንም። የትኛው ላይ ልናደድ፣ የትኛው ላይ ላልቅስ አላወቅኩም፣ ዝናብ መጣና ኮፈኑን ተሸክሜ ሮጥኩ።

ለመስከረም አጋማሽ እረፍት ጠይቄያለሁ። መጥቼ ለመስቀል እወስድሃለሁ። ወልቂጤ ላይ እናርፋለን፣ የጊቤን ቁልቁለት ቀስ ብሎ የሚነዳ ሾፌር እፈልጋለሁ። ለመስቀል ነው የምልህ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቃል አልገባልህም፣ አላውቀውም። ቤቱን ግን እስከዚያ ማንም አያከራይም፣ ይሄን ነግሬያቸዋለሁ። ከሂርማታ አዲስ በርጩማ ገዝቻለሁ፣ የድሮው እግሩ ተነቃንቆ ይጥልሃል። ዳሱ ሥር አስቀምጬልሃለሁ።

ቢጫዋ ባለፈው ቅዳሜ ተነሳች። ማስነሻ ሞተሪኖውም ዲናሞውም አንድ ስለሆነ ቺንጋውን ጠበቅ አድርጌ ባትሪ ከባጃጅ ተውሼ ሰጠኋት። በሦስተኛው ያዘች። ሚጡ ጆሮዋን ይዛ ሮጠች፣ ቀጥሎ ተመልሳ መጥታ ልቀመጥባት አለች። ነገር ግን አልተስተካከለችም። ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ትንተባተባለች፣ ካንዴላዋን ስፈታው ጥላሸት ለብሷል። ማሙሽ «መጽሐፉ ላይ ቤንዚን የምትመጥነው ትልቋ የካርቡሬተር መርፌ ሁለት ዙር ትከፈታለች ይላል» አለኝ፣ እንደዚያው አደረግኩ። መጽሐፉ ግን የተጻፈው ለኬንታኪ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። «እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑም መሳሳት አለበት» ትል እንደነበር ትዝ ይለኛል። ስንት እንደምታሳሳው ግን ባትሪ ከያዝኩበት አይታይም ነበር። ጆሮህን አስጠግተህ፣ ካቻቢቴውን በሁለት ጣት ይዘህ፣ ቆም ብለህ፣ ትንሽ ታዞራለህ። ኮፈኑ ላይም ፈለግኩት፣ አልጻፍከውም።

ስለዚህ ንገረኝ። አንድ ዙር ተኩል ነው? ከዚያ ያንሳል? በስልክ አትንገረኝ፣ ለእትዬ ታቀብላታለህ። ወረቀት ላይ በእጅህ ጻፍልኝ፣ በሚመጣ ሰው ላክልኝ። ፊደሉ ይነስ ግድ የለም፣ ትንሽ ጽሕፈትህን ማንበብ ለምጃለሁ። የሐምሌ 17ቱንም መልስ ከፈለግክ እዚያው ከሥሩ ጨምርበት።

ጣሳዋን ማርሚታው ላይ ደፍቻታለሁ።

ልጅህ